«እሷ ናት የምታሞቅዎት»

ውድ እታለም፤ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? እናታችንን ያ ክፉ ሳል ለቀቃት ወይ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ልቤ ግን ከከበደኝ ሰንብቷል።

ሥራህ ምንድን ነው ላልሽኝ፣ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አትሳቂ፤ ማባዛትን በኩርኩም ያስገባሽልኝ ያው ወንድምሽ ነኝ። በአንድ የኪራይ ሕንጻ፣ በየክፍሉ ግድግዳ፣ የክብሪት ሣጥን የምታህል ነጭ የሙቀት መለኪያ ሰቅለናል። ኮምፒውተሩ ሙቀት በየት በኩል እንደሚያመልጥ፣ ከየትኛው ክፍል ወደየትኛው እንደሚሻገር ከመለኪያዎቹ ይማራል። ከዚያ ለሞቀው ክፍል ቤቱን የሚያሞቀውን የቧንቧ ሙቅ ውሃ ይቀንሳል፣ ለበረደው ይጨምራል።

ላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት ብቸኛ አሮጊት ነበሩ። መለኪያውን የሰቀለላቸው «ቀልዴ» የምንለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ነው። ይቺ ምንድን ናት ልጄ ቢሉት፣ ማስረዳቱ ታክቶት «እሷ ናት የምታሞቅዎት» ብሏቸው ወረደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸውም አምነው፣ ብርዱ ሲጠና ከግድግዳው ነቅለው ብርድ ልብሳቸው ውስጥ አቅፈዋት ይተኙ ጀመር።

ኮምፒውተሩ እንግዲህ የተማረው የክፍሉን ሙቀት ሳይሆን የገላቸውን ነው። ይህ ክፍል ሁልጊዜ ሞቃት ነው ብሎ ውሃውን ቀነሰባቸው። እኔም ቢሮ ሆኜ ቁጥሩን ሳይ ደህና ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ጎረቤታቸው ክፍሉ በረደ ብለው ለምን አይናገሩም ብትላቸው፣ መለኪያዋን እያሳዩ «ደክማ ነው፣ ትንሽ እኔ ላሙቃት» አሏት አሉ።

ባለፈው ሳምንት የዚያ ክፍል ቁጥር ቀስ በቀስ ወረደ። መስኮት የተከፈተ መስሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን እንዳስተማርነው ውሃውን እስከ መጨረሻው ለቀቀላቸው። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። እሳቸው ካለፉ ቆይተዋል፤ መለኪያዋ የክፍሉ ሙቀት ሳይደርሳት ብርድ ልብሱ ውስጥ ደረታቸው ላይ ነበረች።

አለቃችን ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፣ የሰጠነውን ነው የተማረው ይላል። እውነቱን ነው። ቀልዴ ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ እየዞረ መለኪያዋ ምን እንደሆነች ለሰው ያስረዳል። አዝኛለሁ እታለም፤ ለማን እንደምነግረው ቸግሮኝ ነው ላንቺ የጻፍኩት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እንደ ልማዱ በእኔ ሥራ ይሳለቅ፣ ዘንድሮ አልከፋም። የልጅሽን ድብልብል ጉንጯን ሳሚልኝ። የአክስታችንንም ጉልበት ሳሚልኝ። እናታችን በስልክ ስጠይቃት ሁልጊዜ «ይሞቀኛል ልጄ» ነው የምትለኝ። እባክሽ እሷን አትመኛት፤ እግሯን በእጅሽ ዳስሰሽ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሰው አገር፣ ጥር ፲፬ ቀን