በራችን ላይ ያለው ሰባት

ከሩቅ ለምትናፍቂን እታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ በአንዷ ክፍላችን እየተጋፋንም ቢሆን ደህና ነን።

መንገድ የሚያሰፉት ሰዎች በሰፈሩ በሮች ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። የእኛ ሰባት ነው። አባዬ «አዲስ ቤት ሲታደል እኛ እንቀድማለን!» ብሎ ደረቱን ነፋ፤ ቁጥር አርባ የደረሰው ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን አኮረፈው። ከወንዙ ማዶ ባሉት በሮች ላይ የተጻፈው ባለፈው ወር ነበር፤ አሁን እዚያ ኳስ እንጫወታለን፤ ሜዳው ሰፊ ነው።

እማዬ በሩን አረንጓዴ ቀባችው፤ ሰባቱ ግን ተመልሶ ብቅ አለ። አባዬ «እንደ እናትሽ ግትር ነው» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

የፈተና ፎርሜ ላይ «የመኖሪያ አድራሻ» የሚለውን ባዶ ተውኩት። መምህሬ «ቤትሽ ጠፋብሽ እንዴ?» ብላ ቀለደችብኝ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። መልሱን በትምህርት ቤቱ በኩል ላኪልኝ፤ ፖስተኛው በራችንን ሲፈልግ እንዳይደክም።

ቀበጧ እህትሽ