ሃምሳ ስድስተኛው ቀን

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ክብደት 23 ኪሎ ከ400። ባለፈው 24 ከ600 ነበር። ቁርስ፦ ግማሽ ሙዝ፣ ሦስት ማንኪያ የአጃ ገንፎ። ሽንት ቤት ከትናንት ማታ ወዲህ አምስት ጊዜ፤ ሁለቱ ደም ነበረበት። ሕመሙ የጀመረው መስከረም 29። ይህን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለዶ/ሩ ሰጠሁት። አላነበበውም። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አዲስ ደብተር ነሽና ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ያለፈችው ትናንት ሞላች። ቢታንያ የልጄ የአስቴር ልጅ ናት፣ አሥር ዓመቷ። የአንጀት ብግነት አለባት። በየስምንት ሳምንቱ ሆስፒታል ሄዳ በደም ሥሯ አንድ መድኃኒት ይገባላታል፤ ኢንፍሊክሲማብ ይባላል። እሱ በደሟ ውስጥ ሲኖር ትሮጣለች። ሲያልቅ ሆዷን ይዛ ትታጠፋለች።

ዛሬ ቀኑ ነበር። ዛሬ ደግሞ ደም ተወስዶ አዲስ አበባ ይላካል፤ ካለፈው መድኃኒት ምን ያህል እንደቀረ ይለካል። ደሙ የሚወሰደው አዲሱ ከመግባቱ በፊት ነው። በፊት የምትለው ቃል ለማንም አትከብድም። ሲስተር ጽጌ ግን ከረጢቱን ሰቅላ ልታያይዝ ደረሰች። ደሙስ? አልኳት።

«ውይ ማዘር! ረስቼው።»

ማዘር። እኔ እሷን አልወለድኳትም።

የላብራቶሪው ባለሙያ መጣ። ቀዳ። ሰዓቱን ሳይጽፍበት ሊሄድ ሲል አስቁሜ አስጻፍኩት። እርስዎ ሆስፒታሉን ቢመሩት ይሻል ነበር አለኝ እየሳቀ። ይሻል ነበር። ሠላሳ ዓመት ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ አንድ ካርድ አልጠፋብኝም። ቀጠሮውን አሳልፎ የመጣውን ሁሉ ወደ ሰልፉ ጭራ እመልስ ነበር። ቀን የማያውቅ ሰው ስለ ሕመሙ አያስብም እል ነበር። ዛሬም እላለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

መድኃኒቱ ይዟል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ። ደም የለም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቅ ዳር ሄድን። የዓሣ ሾርባ፣ ሙሉ ሳህን ጨረሰች። አስቴር በደስታ ስልኳን አውጥታ ሳህኑን ፎቶ አነሳች። ባዶ ሳህን።

ቢታንያ ግን ከእኔ ጋር አትነጋገርም። አዎ እማማ፣ አይ እማማ፤ ከዚያ ሌላ የለም። ከመስከረም 29 ጀምሮ ነው። ያን ቀን ከት/ቤት ተጣጥፋ መጣች። ደጁ ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱ ሴት እንዳሉ አውቃለሁ፤ በርበሬያቸውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በልተሻል አልኳት። «አልበላሁም እማማ። አፌን ያሽትቱ» አለች። አላሸተትኩም። እናቷ ፊት ውሸታም አልኳት።

ሕመም ከሰማይ አይወድቅም። የሆነ ነገር በልታለች።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ከመስመር ከወጣ ይቅር በይኝ።

ውጤቱ መጣ። ጥቅምት 6 በተወሰደው ደም ውስጥ መድኃኒቱ የለም ማለት ይቻላል። ሌላም ምርመራ ነበር፤ ሰውነቷ መድኃኒቱን የሚዋጋ ነገር ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳይ። እሱ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልሠራም። ታዲያ የት ሄደ? አልኩት ዶ/ሩን። አንዳንድ ልጅ ቶሎ ይጨርሰዋል እናቴ አለኝ፣ ስልኩን እያየ። ቶሎ ይጨርሰዋል! ከረሜላ ነው?

መድኃኒቱ አልያዛትም ባይ ነው። ሐሙስ ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር ተሰብስበው ይወስናሉ። ይህን ካስቆሟት፣ የሚተካው አገር ውስጥ አይገኝም። ከዚያ የሚቀረው አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ነው። ከአንጀቷ ተቆርጦ ይወጣል። አሥር ዓመቷ ነው።

አስቴር ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። ልጅ ፊት አይለቀስም ብዬ ተቆጣኋት። ቢታንያ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሰምታለች።

አንድ ሰው ሥራውን አልሠራም። አገኘዋለሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ፋርማሲ ሄድኩ። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በበረዶ ሣጥን ነው፤ ከሞቀ ይበላሻል። ሹፌሩ ሻሸመኔ ላይ ምሳ ሲበላ ፀሐይ ላይ አቁሞት ይሆናል አልኩ። ሰው ፊት አልኩ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

የፋርማሲዋ ባለቤት ከመቀመጫዋ ተነሳች። መሳቢያ ከፍታ ወረቀት አወጣች። የሣጥኑ ሙቀት፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ በየሰዓቱ ተመዝግቧል። አንዱም ከልኩ አልወጣም።

«ወ/ሮ አበበች፣ እኔም የታመመች እህት አለችኝ። በመድኃኒት አልቀልድም።»

ወረቀቱ በደንብ የተሠመረ ነበር። ይህን ልነግራት ይገባ ነበር። ደህና ዋይ ሳልላት ወጣሁ።

እንግዲያው ሲስተር ጽጌ ናት። ደም መውሰድ የረሳች ግማሽ መድኃኒትም ትረሳለች። ነገ ካርዱን አያለሁ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ለአንቺም መጻፍ ያሳፍራል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ያለፈውን ጊዜ ካርድ አምጪ አልኳት፣ እንደ አለቃ። ሲስተር ጽጌ በሁለት እጇ ይዛ አመጣችልኝ። ነሐሴ 6። የመድኃኒቱ መጠን ልክ። የተጀመረበት ሰዓት አለ፣ ያለቀበት አለ። የዶ/ሩ ትእዛዝ፦ በየ8 ሳምንቱ። ከሥሩ የሚቀጥለው ቀጠሮ፦ ጥቅምት 6።

ቆጠርኩ። ከነሐሴ 24 ቀን። ከመስከረም 30። ከጥቅምት 6። ይህ 60 ሆነ፤ ስምንት ሳምንት ግን 56 ነው። በዚያ ላይ ጳጉሜ አለች፤ አምስት ቀን። ስድሳ አምስት። ልጅቷ መድኃኒቷን ማግኘት የነበረባት መስከረም 27 ነው። ዘጠኝ ቀን ባዶዋን ቆይታ ነው ደሙ የተወሰደው። የሌለ ነገር እንዴት ይገኛል? መድኃኒቱ አልከዳትም። ቀኑ ነው።

ይህን የጻፈ ማነው? ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ።

ሲስተር ጽጌ ጎንበስ ብላ ካርዱን ታያለች፣ ቀና ብላ እኔን ታያለች። እኔም እንደገና አየሁት። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው፣ የ«ጥ» እግሮች እኩል ናቸው፣ ቁጥሩ መስመሩ ላይ ተቀምጧል። በአዳሪ ት/ቤት በማስመሪያ እየተመታሁ የተማርኩት ጽሕፈት።

ያን ቀን ትዝ አለኝ። የእሷን ጽሕፈት ነቅፌ ነበር፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብያት። ሳቀች፤ እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት ማዘር፣ የእርስዎ እጅ ያምራል ብላ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ስምንት ሳምንት ሁለት ወር ነው ብዬ፣ ነሐሴ 6ን ጥቅምት 6 አደረግሁት። ሳልቆጥር። አምሮ ስለተጻፈ ማንም አላመሳከረው።

ቤት ገብቼ የድሮዋን ደብተር ገለጥኩ። መስከረም 29፦ ሳምቡሳ በልታ መጣች፣ ዋሸችኝም፣ ይላል። መድኃኒቷ ካለቀባት በሁለተኛው ቀን።

ሲስተር ጽጌ ወደ ጥግ ወስዳ አንድ ነገር ነገረችኝ። ማን እንደጻፈው ማንም አይጠይቅም፤ ቤተሰቡ ለበዓል ቱላ ዘመድ ጋ ሄዶ ዘገየ ብንል ለዶ/ሩ ይበቃዋል፤ ስሜ አይነሳም። ለእኔ አዝና ነው። ለእኔ፣ በሁሉም ፊት ስረግማት ለኖርኩት። ተቆጣኋት። ካርድ ላይ ውሸት አይጻፍም አልኳት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጆሮዬ ራሱ ለድምፄ እንግዳ ሆነ።

ነገ እሄዳለሁ። በራሴ አፍ እናገራለሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ተናገርኩ። አራት ሐኪሞች፣ አንድ ጠረጴዛ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ይቀመጡ ቢሉኝም። ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጳጉሜን ዘልያለሁ፣ የለካችሁት ስድሳ አምስተኛውን ቀን ነው አልኩ።

ዶ/ሩ ስልኩን አስቀመጠ። ካርዱን ወስዶ በጣቱ ቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የእኔ ወረቀት ነው፤ ለካ እስከ ዛሬ ይዞት ይዞራል። መስከረም 29 የጀመረ ሕመም የሚለውን አነበበ። ዛሬ አነበበው! እኔም መቁጠር ነበረብኝ አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ መብቱ ግን አልነበረኝም።

ወሰኑ። መድኃኒቱ አይቆምም። በትክክለኛው ቀን ይሰጣታል፣ ከመግባቱ በፊት ደሙ እንደገና ይለካል። ያን ጊዜም ካነሰ መጠኑ ይጨመራል። ቀዶ ጥገና አሁን የሚለው የለም።

ሲስተር ጽጌ አዲስ የቀጠሮ ካርድ አውጥታ፣ እንደ ልማዷ እስክሪብቶዋን ወደ እኔ ዘረጋች። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ከእናቷ ጋር ኮሪደሩ ላይ ትጠብቅ ለነበረችው ለቢታንያ ስጫት አልኩ። ልጅቷ የግድግዳውን ካላንደር በጣቷ እየነካች፣ እየዘለለች ሳይሆን እያንዳንዱን፣ ቆጠረች። ሃምሳ ስድስት። ታኅሣሥ 2። ጽሕፈቷ ጠማማ ነው። «2»ቷ ተኝታለች። አላረምኳትም።

ሲስተር ጽጌም ቆጠረች። ዶ/ሩም ቆጠረ። ሦስቱም ታኅሣሥ 2።

ፋርማሲ ነገ እሄዳለሁ፤ ለዚያች ሴት የምነግራት አለኝ።

ለሐኪሞቹ ተናግሬ ለዋናዋ አልተናገርኩም። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራለች። እርሳሷን ትነክሳለች፤ በሌላ ቀን እቆጣት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ምን እየጻፉ ነው እማማ? አለች። ከአዎና ከአይ ውጭ ስትናገረኝ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለ ሳምቡሳው አልኳት። እርሳሷን አስቀመጠች። እኔም ይህን እስክሪብቶ አስቀምጬ ይቅርታ ልጠይቃት ነው።