አያ ፓላኒና ፀሐይ

ዘሐራዬ፣ ከህንዷ ቲሩፑር ሰላም! የከተማው ወንዝ ዛሬም የጨርቅ ማቅለሚያ ቤቶቹ የደፉበትን ቀይ ለብሶ ዋለ። አብራኝ የምትመራመረው ቴንሞዢ ከትናንት ወዲያ ከወንዙ በብልቃጥ ቀዳችና ናኖ የሚሉትን እጅግ የላመ ነጭ ዱቄት በትናበት ጣሪያ ላይ አስቀመጠችው። ዱቄቱ ፀሐይ ሲያገኝ ቀለሙን ይሰባብረዋል። ከሰዓት ብንወጣ ብልቃጡ የለም! ሽማግሌው ቀለም ነካሪ አያ ፓላኒ ጥላ ውስጥ አግብተው ጨርቅ አልብሰውታል።

«አያ፣ ምን አደረጉ?»

«ቀለም ፀሐይ ላይ ይሰጣል እንዴ? ይለቃል እኮ!» እናትሽ ቀይ ሻሻቸውን ፀሐይ ላይ ስናሰጣ እንደሚቆጡት ተቆጡን።

«እንዲለቅ ነው የፈለግነው!»

በማግስቱ ፀሐይ ላይ መለስነው፤ አመሻሹ ላይ ውሃው ኩልል አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የተጣላኋትን ፀሐይ እናንተ ሥራ ቀጠራችኋት!» ብለው ሳቁ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስተው፣ «ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ወንዝ ይኼ ነው» አሉ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ቀለም ለሚደፋበት ለአገራችን ወንዝ ለቦርከናም ንገሪው፦ ፀሐይ እንደሁ እኛም አናጣም።

ያንቺው ወሰንየለህ