ቡናማውን ቀለም በቀይ የለወጡት የጎረቤታችን የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው «ዶክተር»፣ በእኛ ሕንፃ ደግሞ «ቆይ ልየው» እየተባሉ የሚጠሩት እኅታችን፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ጎንበስ ብሎ ጥቃቅን ነገር ላይ ማፍጠጥን ከሁለቱም ወረሱ፤ መርፌ ማስያዙ ግን ለእናታቸውም አልሆነላቸውም።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በባዮሎጂ ተመርቀው በሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ፤ እየሠሩም እስከ ዶክትሬት ዘለቁ። በ1972 ዓ.ም. ከሂሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ድስት ማሳረራቸውን ባለቤታቸው በምላሳቸው፣ እኛ በመስኮት በሚገባው ጭስ እናውቀዋለን።

ሥራቸው የቆዳ ካንሰርን መመርመር ነበር። ደረጃ ላይ ሰላም ሲሉን እንኳ ዓይናቸው ማርያም የሳመችን ቦታ ላይ ነው፤ «ቆይ ልየው፣ ይሄ ድሮም እንዲህ ነበር?» ሳይሉ አያሳልፉንም።

ያጠኑት በሴል ውስጥ ጂኖችን የሚዘጋ አንድ ኢንዛይም ነው። እንዲገባን ብለው «ሽቦውን አይቆርጠውም፤ ማጥፊያውን ነው የሚጫነው» ይሉን ነበር። ኢንዛይሙ በዕጢው ውስጥ ከበዛ ካንሰሩ የመሰራጨት ዕድሉ ከፍ ይላል ብለው፣ ከሕሙማን የተወሰደውን ስስ የዕጢ ቁራጭ ኢንዛይሙን ቡናማ በሚያደርግ ቀለም እየነከሩ መረመሩ። በ1990 ዓ.ም. ውጤታቸው ተጨበጨበለት፤ ሆስፒታሉም ኢንዛይሙ ያነሰባቸውን ሕሙማን ክትትል አላላ።

ስሕተቱን ያገኙት ግን ራሳቸው ናቸው። የቆዳ ዕጢ የራሱ ቡናማ ቀለም አለው። ስለዚህ ጠቆር ያለው ዕጢ ሁሉ ኢንዛይም የበዛበት፣ ፈዘዝ ያለው ሁሉ ያነሰበት መስሎ ተቆጥሮ ነበር። አለቃቸው ነገሩን በዝምታ እናርመው ቢሏቸው፣ «ተረጋግተው ቤታቸው የተቀመጡትንስ ማን ይጥራቸው?» ብለው ጉባኤ ፊት ቆመው ተናገሩ። ያጨበጨበው እጅ ተሰበሰበ፤ የማዕረግ ዕድገታቸውም ቀረ። ሕሙማኑ ግን ተጠሩ። ከመካከላቸው አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሲመረመሩ፣ ካንሰሩ ተመልሶ ገና ሳይሰራጭ ተገኘና ተቆርጦ ወጣላቸው። ዛሬ ለቀስተኛውን ጭነው ያመጡት እኚህ ሰው ናቸው።

እርሳቸውም ቡናማውን ትተው ሁሉንም እንደገና በቀይ ቀለም ነከሩ። ጓንት መርሳት ልማዳቸው ነበርና ጣታቸው ቀልቶ ሲገቡ፣ «ዶክተር፣ ደግሞ ጥፍር ቀለም ጀመሩ?» እያልን አናስቀምጣቸውም ነበር። ከዓመታት በኋላ ውጤቱ ከፊተኛው ቢያንስም ጸና፤ ኢንዛይሙ በእርግጥ የበዛባቸው ሕሙማን በሽታው ቶሎ የሚመለስባቸው ሆነው ተገኙ። ክትትላቸውም በዚያው መሠረት ጠበቀ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። የልብ ሕመም ሲጀምራቸው፣ የምርመራ ውጤቴን ከሐኪሞቹ ቀድሜ ካላየሁ ብለው ክፍሉን ሁሉ አስቸገሩ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና የኮራንባቸውን ጎረቤቶቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ተሳስቻለሁ» ያለችውን ነፍስ በእውነተኞች ማደሪያ ያሳርፍልን፤ የቤቱን ሐዘን ያቅልልን፤ እኛንም እንደ እርሳቸው ደፋር ያድርገን።