ጎረቤት ቤት ያገኘኋቸው ዶሮዎቼ

መርሳ፣ ማክሰኞ፣ ጥር 12

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ጠዋት የዶሮ ቤቱን ብከፍት ባዶ ነው። መንግሥት በድጋፍ የሰጠኝ ዶሮዎች አንድም የሉም። ሌባ ገባ ብዬ ጮህኩ። ባሌ ሰይድ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ከሰዓት የወረዳ እንግዶች የጎረቤታችንን የእትዬ ዘይነባን ዶሮዎች ሊጎበኙ መጡ። ድጋፉን ያገኘነው አብረን ስለሆነ እኔም ሄድኩ። ያረቢ! የኔ ዶሮዎች እሳቸው ግቢ ጥሬ ይለቅማሉ። ድምፄን ሲሰሙ ወደ እኔ ሮጡ። እትዬ ዘይነባ በዓይናቸው ለመኑኝ፤ እኔም ዶሮዎቹን እንደ ሰው ዶሮ እሽ ብዬ ከእግሬ ስር አባረርኳቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እትዬ ዘይነባ እጄን ይዘው አለቀሱ።

"የኔዎቹ አልቀውብኝ ነው ልጄ። ሁለተኛ አይሰጡኝም ብዬ ፈርቼ፣ ያንቺዎቹን እንዲያውሰኝ ትናንት ማታ ሰይድን አስቸገርኩት። አውፍ በይኝ።"

"አውፍ ብያለሁ እትዬ። ምን ገደላቸው?"

"ፈንግል ነው መሰለኝ። እዚሁ ዶሮ ቤት ውስጥ፣ ባለፈው ሳምንት።"

ፈንግል ከዶሮ ወደ ዶሮ የሚዛመት በሽታ ነው። ዶሮዎቼ እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያደሩት! ማታ ሰይድ ወደኛ ዶሮ ቤት መልሶ ሲያስገባቸው ቆሜ አየሁ።

ነገ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ መሄድ አለብኝ። የት ነበሩ ካለኝ ግን እትዬ ዘይነባን ሳላጋልጥ ምን እለዋለሁ?