አፉ የታሰረ ጆንያ፦ የአቶ ጨመዳ ነገራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጨመዳ ነገራ ከአባታቸው ከአቶ ነገራ ደረሳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ድርቤ ታፋ በ1908 ዓ.ም. በዲጋ አካባቢ ተወለዱ። ነቀምቴ ወንጌላውያን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ወደ እርሻው ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ ቡና ይዞ ነቀምቴ የወጣ ገበሬ ምርጫ አልነበረውም። ነጋዴው ዋጋ ሳይናገር ጆንያውን ፈትቶ ከራሱ ክምር ላይ ይገለብጠዋል። የተደባለቀ ቡና ተመልሶ አይለይም፤ ገበሬው የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ጨመዳ እናታቸው ባዶ ጆንያ አጥፈው ከገበያ ሲመለሱ አይተዋል።

በ1935 ዓ.ም. ወ/ሮ ሎሚ ገቢሳን አግብተው ቀነዓን እና የሻሽወርቅን ወለዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዲጋ ላይ የቡና መግዣ ከፈቱ። እፍኝ ዘግነው ካዩ በኋላ የጆንያውን አፍ መልሰው ያስራሉ፤ ከዚያ ዋጋ ይናገራሉ። ያልተስማማው አህያውን ጭኖ ይሄዳል። ጭነቱን አዲስ አበባ የሚያደርሱላቸው የመኪና ባለቤት አቶ ወልደገብርኤል፣ «ጨመዳ፣ አንተ ቡና ትገዛለህ ወይስ የሰው ጆንያ ታስራለህ?» ይሏቸው ነበር።

በ1950 ዓ.ም. የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ሁሉ የተነገረውን ዋጋ ሳይቀበል ቡናውን ይዞ ሄደ። መጋዘናቸው ባዶውን ከረመ። መኪናውም ባዶውን ተመለሰ። በዓመቱ ግን ገበሬዎቹ ከነቀምቴ ማዶ ከጉቴ ሳይቀር መጡ።

በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ተኙ። ሥራውን ቀነዓ ያዘ። አንድ የገበያ ቀን ሰው በዝቶበት የአንዲት ገበሬ፣ የወ/ሮ ወለቴን ቡና ዋጋ ሳይነጋገር ክምሩ ላይ ገለበጠው። ቡናው ሲፈስ አባት ከአልጋቸው ሰሙ።

«ተስማምታችኋል?» አሉ።

«አይ፣ አባ። አሁን እንነጋገራለን።»

«ምኑን ነው የምትነጋገሩት? ከክምሩ ከወደዱት በኩል ራሳቸው ይስፈሩ። ይበቃኛል እስኪሉ አትንካቸው።»

ወ/ሮ ወለቴ ጆንያቸውን ሞሉ፣ አፉን አስረው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ጨመዳ ስለ ሥራ አልተናገሩም። ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ንጋት ላይ አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው እና ታላቅ ወንድማቸው አሉ። ትናንት መርዶ ያልደረሳቸው ገበሬዎች ቡና ጭነው መጥተው በደጃቸው አራግፈዋል። ወ/ሮ ወለቴም መጥተዋል። የጆንያው ሁሉ አፍ እንደታሰረ ነው። ከቀብር በኋላ ቀነዓ ዋጋ ተነጋግሮ ይመዝናል።

ጌታ ነፍሳቸውን በእጁ ይያዝ፤ የቀረነውንም ያጽናን።