ሾፌሩ የጠፉበት ከሰዓት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገዎት? ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬ ዐይኗን ታከመች ወይስ አሁንም «ነገ፣ ነገ» እያለች ነው? ታናሼስ ፈተናውን እንዴት ተወጣው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥጋዬ ደህና ነኝ። በነፍሴ ግን ያለፈው ሳምንት እንደ ገለባ አበጠረኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ራሴ ልንገርዎት ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የልደት ጾም ሲገባ የጻፉልኝን ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነው ያደረግሁት። «ልጄ፣ የጌታን ልደት የሚጠብቅ ሰው ተግቶ ይጠብቅ፤ ሆድሽ ጾሞ ልብሽ እንዳያንቀላፋ» ብለውኝ ነበር። እኔም አጥብቄ ያዝኩት፤ እንዲያውም አበዛሁት። ማለዳ እየተነሳሁ እጸልያለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ የጸሎት መጽሐፌን በሽርጤ ኪስ ይዤ ትንሽ ፋታ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ምግብ አብሳይ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ አያያዝሽ ልደት ሳይደርስ ክንፍ ታበቅያለሽ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ስትስቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እንደሚያውቁት የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከአረጋውያኑ አንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ ሁላችንም «ሾፌሩ» እንላቸዋለን። አእምሯቸው ትናንትን ከዛሬ ያደባልቅባቸዋል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮታቸውን ደርበው፣ የጫማቸውን ክር አስረው ወደ በሩ ይመጣሉ። «ልጄ ልትመጣ ነው፤ ልቀበላት» ይላሉ። ልጃቸው የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው፤ ከመጣች አምስት ወር አልፏታል። በሩ ቀን ቀን ስለማይቆለፍ፣ እሳቸውን አባብሎ መመለስ የበሩ ተረኛ ሥራ ነው።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መጽሐፌን ገለጥኩ። አንዲት ገጽ ብቻ ብዬ ጀምሬ ሦስት ገጽ ሄድኩ። ነፋስ እግሬን ሲመታኝ ተሰምቶኛል፣ አባባ፤ ግን ቀና አላልኩም። በኋላ ቀና ስል በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ክፍላቸው ሮጥኩ፤ አልጋው ባዶ ነው። መታጠቢያ ቤት የሉም፤ ምግብ አዳራሽ የሉም፤ ጓሮም የሉም። ውጭ ደግሞ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው፤ ዝናቡም ጀምሯል።

አለቃችን ሠራተኛውን በየመንገዱ አሰማራች። አብሳይዋ ወደ ጥግ ጎተተችኝና «መዝጊያው አልያዝ ብሎ ነው በይ፤ ሰሞኑን ሲያስቸግር ሁሉም ያውቃል። በገዛ አፍሽ ከሥራ አትባረሪ» አለችኝ። ለእኔ አዝና ነው። እኔም፣ ልደብቅዎት አልችልም፣ እሺ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ዝናቡን ከላይዋ እያራገፈች ገባች። በእጇ አዲስ ሹራብ ይዛለች። «አባቴን ልጠይቅ ነው» አለች። የሾፌሩ ልጅ! አምስት ወር ሙሉ ስትጠበቅ የኖረች ሰው፣ በዚያች ሰዓት! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቃችን ዞር ብላ «በሩ ላይ ማን ነበር?» ስትል፣ የልጅቱን ዐይን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። «መዝጊያው ምንም አልሆነም። የጸሎት መጽሐፍ ሳነብ አጠገቤ አልፈው ወጡ።»

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። «አባቴ ዝናብ ውስጥ ሲንከራተት አንቺ ትጸልያለሽ?» አለችኝ።

ወዲያው ግን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና «እርስዎ ሲመጡ በምንድን ነው የሚመጡት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሁልጊዜ በአውቶቡስ፤ ዛሬ ግን ጓደኛዬ በመኪናዋ...» ብላ ሳትጨርስ ተያየን። ተያይዘን ወጣን። መናኸሪያው ከትልቁ አስፋልት ማዶ ነው። እዚያ እስክንደርስ መንገድ ዳር የቆመ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን ይመስለኛል፤ ፍሬን በጮኸ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። «ጌታ ሆይ» ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም፤ ዐይኔን ግን ከመንገዱ አልነቀልኩም።

ከመጨረሻው መቆሚያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘናቸው። ኮታቸው ውሃ ጠጥቷል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። ልጃቸው ከኋላ መጥታ ትከሻቸውን ስትነካቸው ዞር አሉና «ከየትኛው ወረድሽ? አንድም አላመለጠኝ እኮ!» አሏት። አቅፋቸው ተንሰቀሰቀች። እኔ ሹራቡን ከእጇ ተቀብዬ ቆምኩ።

ሁለት ቀን ደረታቸውን ክፉኛ አመማቸው፤ አሁን ተነስተዋል። እኔም አልተባረርኩም፤ ግን አለቃችን ከበሩ አንስታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል መድባኛለች። ተገቢ ነው። ልጃቸውን ስትሄድ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «አሁን አልችልም፤ ቆይ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም።

አባባ፣ ጌታን እጠብቃለሁ ስል የራሴን ጽድቅ ስጠብቅ ነበር፤ አደራ የተሰጡኝ ሰው በአፍንጫዬ ሥር አለፉ። አሁን በር ሲንቋቋ በሰማሁ ቁጥር ክው እላለሁ። ይህ ትጋት ነው ወይስ ፍርሃት ብቻ? እርስዎ ያውቃሉና ይጻፉልኝ።

ትናንት የታጠበ አንሶላ ተሸክሜ ሳልፍ አዲሱ ተረኛ ስልክ ሊያነሳ ገባ ብሏል፤ ሾፌሩ ደግሞ ኮታቸውን ደርበው እየመጡ ነው። ቅርጫቱን መሬት ጥዬ በሩ ላይ ቆምኩ። «አንቺ ደግሞ ማንን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። «እርስዎን» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው መጥቻለሁ» ብለው እጄን ያዙኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ዐይኗን ሳትታከም ልደት እንዳይደርስባት። ታናሼን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ይሳሙት፤ አክስቴንም ከነልጆቿ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እርስዎንም በጸሎትዎ እንዳይረሱኝ እየለመንኩ እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ፣
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን።